ወደ ምዕራብ የሚመለከትን በረንዳ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ስለማድረግ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ በራሳችን ቪላ እንኖራለን። ከሳሎኑ ፊት ለፊት 6 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከ40 ስፋት ያለው፣ ወደ ምዕራብ የሚመለከት በረንዳ አለን፤ የጣሪያው ጠርዝ ከወለሉ 2 ሜትር ከ60 ከፍ ይላል። የሳሎኑ በር ከደቡቡ ጫፍ 1 ሜትር ተኩል ላይ ነው፤ ደረጃውም በበሩ ትይዩ ነው። የሰሜኑ ጫፍ በጎረቤት በኩል ክፍት ነው። ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ፣ በክረምት ዝናብ ስለሚያስቸግር ማንም አይቀመጥበትም፤ የጀሪካን፣ የከሰል ከረጢትና የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆኗል። ከሰዓት ቡናችንን እዚያ ብናፈላና ጉልበቷን የሚያማት እናቴም ከልጆቹ ጋር ብትቀመጥበት ደስ ይለኛል። ባለቤቴ በአሉሚኒየምና በመስታወት እንዝጋው ይላል፤ እኔ ደግሞ የውጪ ሶፋና አበባ ገዝቼ ላሳምረው ፈልጌያለሁ። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ በረንዳችሁ እስካሁን ሰው አልባ የሆነው ዕቃ ስላነሰው ሳይሆን ልትቀመጡበት በምትፈልጉት ሰዓት ስለማያስቀምጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ስጀምር ደንበኞቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው የሚወዱትን ቀለም ወይም ያዩትን ወንበር ሳይሆን በየትኛው ሰዓት ሊቀመጡበት እንዳሰቡ ነው፤ ምክንያቱም ቁርስ የሚበላበት በረንዳ፣ የከሰዓት ቡና የሚጠጣበት በረንዳና እንግዳ የሚያመሽበት በረንዳ፣ ስፋታቸውም አቅጣጫቸውም አንድ ቢሆን እንኳ፣ አሠራራቸው ይለያያል። እርስዎ ሰዓቱን ነግረውኛል። የከሰዓት ቡና ማለት በአብዛኛው ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጠጣ ነው፤ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት በረንዳ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ሰዓታት የሚነሣ ነው፤ የሶፋውና የአበባው ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ነው የምትውለው፤ በዚያ ሰዓት ጣሪያው ብቻውን በቂ ጥላ ይሰጣችኋል። ችግሩ የሚጀምረው ስታዘቀዝቅ ነው። በሰጡኝ ልክ ሳሰላው፣ በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ ጨረሩ የበረንዳውን ስፋት ጨርሶ የሳሎኑን ግድግዳ እግር ይነካል። 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ብርሃኑ በግድግዳው ላይ 85 ሳንቲሜትር ገደማ ይወጣል፤ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ደረት ላይ ደረሰ ማለት ነው። 11 ሰዓት ላይ ከፍታዋ ወደ 21 ዲግሪ ስለሚወርድ ብርሃኑ 1 ሜትር ከ70 ይጠጋል፤ ያን ጊዜ የተቀመጠውም የቆመውም ዓይኑን መግለጥ ይቸገራል። ብዙ ግንበኞች በዚህ ጊዜ የሚያቀርቡት መፍትሔ ጣሪያውን ወደ ፊት ማስረዘም ነው። ጣሪያው በ1 ሜትር ቢረዝም እንኳ 11 ሰዓት ላይ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ 1 ሜትር ከ30 ያህል ይወጣል፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ወጪው ብዙ፣ ጥቅሙ ጥቂት ስለሆነ አልመክረውም።

የምዕራብ ፀሐይን የሚመልሰው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ከለላ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ተነሥቶ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ላይ የሚቆም ጥቅልል መጋረጃ ስቀሉ። በዚህ ልክ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወለሉን ብቻ ትነካለች፤ ወደ ግድግዳው አትደርስም። 11 ሰዓት ላይም የምትደርሰው የተቀማጮቹ እግር ላይ ብቻ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የመጨረሻው ጨረር ከጉልበት በላይ ይወጣል፤ በዚያን ሰዓት ግን ኃይሏ ስለሚደክም፣ በብዙ ግቢም አጥሩ ወይም የፊት ለፊቱ ቤት ስለሚከልላት፣ ብዙ አያስቸግርም። መጋረጃው እስከ ወለሉ እንዳይወርድ የምለው ከሥሩ በሚቀረው ክፍተት ነፋስ እንዲገባና የተቀመጠ ሰው ግቢውን፣ በሩንና የሚጫወቱትን ልጆች ማየት እንዲችል ነው። ዙሪያውን የታፈነ በረንዳ ላይ ሰው ብዙ አይቆይም።

ለመጋረጃው ሦስት አማራጮች አሉ፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ሸራ፣ ወይም የአበባ እርሻዎች ለጥላ የሚጠቀሙበት መረብ። እኔ ቀርከሃውን እመርጣለሁ፤ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ሳያጠፋ ይሰባብረዋል፣ ነፋስም ያሳልፋል። ከበሩ በስተሰሜን ያለውንና የምትቀመጡበትን 3 ሜትር ተኩል በአንድ ወጥ መጋረጃ ለመሸፈን ግን አትሞክሩ፤ ሰፊ የቀርከሃ ጥቅልል መሐሉ ይረግባል፣ ሲጠቀለልም አንዱ ጫፍ ቀድሞ ይወጣል። ሁለት ወይም ሦስት አድርጋችሁ አሠሩት፤ ከአሸንዳው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሰቀል፤ ከታችም በኩል ከምሰሶው ጋር የሚታሰርበት መንጠቆ ይኑረው። መንጠቆ የሌለው ጥቅልል በመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ ከምሰሶው ጋር እየተላተመ ይሰባበራል።

ባለቤትዎ ስላነሡት መስታወት በግልጽ ልናገር፤ አትዝጉት። መስታወት ዝናቡን ይከለክላል፣ ፀሐይዋን ግን አይከለክልም፤ ከሰዓት በኋላ ዘቅዝቃ የምትመጣው ፀሐይ መስታወቱን ፊት ለፊት ስለምታገኘው በቀጥታ ታልፈዋለች፣ የገባውም ሙቀት ተመልሶ መውጫ ያጣል። የአትክልት ማሞቂያ ቤቶች የሚሠሩትም በዚሁ ዘዴ ነው። በሌላ በኩል የሳሎናችሁ መስኮቶች ንጹሕ አየር የሚያገኙት በዚያው በረንዳ በኩል ስለሆነ፣ በረንዳው ሲታፈን ሳሎኑም ይታፈናል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከሰሉ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው ራሱን እንዳመመው ሳይጠረጥር ሊገድለው ይችላል። ቡና የሚፈላበትን ቦታ መስታወት ቤት ማድረግና ልጆችንና አዛውንትን እዚያ ማስቀመጥ አንድ ላይ የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። የቤቱን ገጽታ የሚለውጥ ሥራ የግንባታ ፈቃድ ሊያስፈልገው እንደሚችልም አትዘንጉ።

ባለቤትዎ መዝጋት የሚፈልጉት ስለ ብርድና ስለ ጎረቤት ዓይን ከሆነ ግን ትክክለኛ ነገር አይተዋል። በበጋ አዲስ አበባ ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ቤቱ ራሱ በረንዳውን ይከልለዋል፤ ነገር ግን ነፋሱ ማዕዘኑን ዞሮ በሁለቱ ጫፎች ይገባል። ስለዚህ የሰሜኑን ጫፍ፣ 2 ሜትር ከ40ውን ብቻ፣ እስከ 1 ሜትር ከ80 ከፍታ ድረስ ዝጉት፤ ከላይ ያለው ክፍት ይቅር። የሚዘጋውም በመስታወት፣ በጣውላ ርብራብ ወይም በተሸመነ ቀርከሃ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት በኩል ስለሆነ ጣውላው ወይም ቀርከሃው የተሻለ ይመስለኛል። ይህ አንድ ጎን ሲዘጋ በረንዳው ጥግ ያገኛል፤ ሰው ደግሞ ሲቀመጥ ጀርባውን የሚሰጠው ጥግ ይፈልጋል።

ወለሉን በተመለከተ፣ ማጌጫ ከመግዛታችሁ በፊት ልትጨርሱት የሚገባ ሥራ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ በግድግዳው በኩል ድፉና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። በትክክል የተሠራ በረንዳ ወደ ውጪ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ያዘቀዝቃል፤ ለእናንተ ስፋት ከግድግዳው እስከ ጠርዙ 3 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ልዩነት በቂ ነው። ውሃው መሐል ላይ ከተኛ ወይም ወደ በሩ ከተመለሰ፣ ግንበኛው በውኃ ልክ ለክቶ ሴራሚኩን አንሥቶ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ፊቱ ሻካራ የሆነ የውጪ ሴራሚክ ምረጡ። ተዳፋቱ ጤናማ ከሆነ ግን ሁሉንም ማንሣት አያስፈልግም፤ ከደረጃው እስከ በሩ ያለውን 1 ሜትር መተላለፊያ ብቻ በሻካራ ሴራሚክ ቀይሩት። የቀረው የሚቀመጥበት ስለሆነ ውሃ የሚያሳልፍ ምንጣፍ ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እርጥብ ቄጠማ በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ላይ ሲጎዘጎዝ ሳሙና እንደተቀባ ያህል ያንሸራትታል። እናትዎ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቄጠማው በምድጃውና በረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ይጎዝጎዝ፣ መተላለፊያው ላይ አይድረስ።

አሸንዳውን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ አስጠርጉ። ሞልቶ የሚፈስ አሸንዳ ከዝናቡ ይልቅ በረንዳውን ያበላሻል፤ ውሃው ደረጃው ላይ እየወደቀ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ይረጨዋል። በክረምት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የበረንዳውን ውጪኛ ሜትር ማርጠቡ አይቀርምና፣ በዚያ መስመር ላይ ውሃ የሚጎዳው ነገር በቋሚነት አታስቀምጡ።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ። በሩ ወደ ደቡብ ስላደላና ደረጃው ትይዩው ስለሆነ ገቢና ወጪ በረንዳውን የሚያቋርጠው በአጭሩ ነው። ከበሩ በስተሰሜን የሚቀረው 3 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ከ40 ማንም የማይተላለፍበት ቦታ ነው፤ ራሱን የቻለ አነስተኛ ክፍል ማለት ነው። በሩ መሐል ላይ ቢሆን ኖሮ በግድግዳው ትይዩ 90 ሳንቲሜትር መተላለፊያ መተው ግድ ስለሚሆን የሚቀረው ቦታ አንድ ረድፍ ወንበር ብቻ ይይዝ ነበር። በብዙ ቤት የማየው ስሕተት ወንበሮቹን በ6 ሜትሩ ርዝመት በአንድ መስመር መደርደር ነው። እንዲህ የተደረደረ መቀመጫ የክሊኒክ ወረፋ መጠበቂያ ይመስላል፤ ሰዎቹ ሁሉ ወደ አጥሩ ይመለከታሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም።

በዚህ ፋንታ ከሰሜን ምሥራቁ ጥግ የሚነሣ፣ በማዕዘን የሚታጠፍ መደብ መሰል አግዳሚ አሠሩ። አንዱ ክንፍ የሳሎኑን ግድግዳ ተከትሎ 2 ሜትር ከ30 ይሂድ፤ ሌላው በሰሜኑ ከለላ ሥር 1 ሜትር ከ60 ይርዘም። ስፋቱ 55፣ ከፍታው ከነፍራሹ 43 ሳንቲሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ከአግዳሚው 35 ሳንቲሜትር ርቆ 50 በ90 የሆነ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ ከዚህ ከጠበበ ጉልበት ይነካል፣ ከሰፋ ስኒው እጅ አይደርስም። ከአግዳሚው ጫፍ እስከ በሩ መስመር የሚተርፈው 1 ሜትር ከ20 የቡናው ቦታ ነው፤ ረከቦቱ፣ ምድጃውና የአፍይዋ በርጩማ ያለ ጭንቅንቅ ይይዙታል፤ ቡና የምታፈላው ሰው ወደ ጓዳ ለመመላለስም በሩ ቅርቧ ነው። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ስትቀመጥ ሁሉንም ታያለች፣ ስኒውንም ሳትነሣ ታዳርሳለች።

እናትዎ ግን በአግዳሚው ላይ ባይቀመጡ ይሻላል። ጉልበት የሚያመው ሰው ከዝቅተኛና ለስላሳ መቀመጫ ለመነሣት በእጁ የሚገፋው ነገር ያስፈልገዋል። ለእሳቸው ከፍታው ከ45 እስከ 48 ሳንቲሜትር የሆነ፣ መደገፊያ ክንድ ያለው፣ ጠጠር ያለ ትራስ የተደረገበት ወንበር በአግዳሚውና በቡናው ቦታ መካከል፣ ጀርባው ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ሆኖ ይቀመጥላቸው። ለዚህ ብላችሁ የግድግዳውን ክንፍ በ60 ሳንቲሜትር ብታሳጥሩት ምንም አይጎድልባችሁም። ቦታው ከፀሐይም ከዝናብም የራቀው ነው፤ በቡና ጊዜ ለትልቅ ሰው የሚገባውም እሱ ነው።

አግዳሚውን በቱቦላሬ ብረት አስበይዱ፤ ብየዳው በደንብ ከተሞረደ በኋላ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ እግሮቹም ወለሉን በሚነኩበት ቦታ የጎማ ጫማ ይኑራቸው። መቀመጫው በመካከላቸው 1 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ያላቸው ጣውላዎች ይሁኑ፤ ውሃ አይተኛባቸውም። ጥድ ከተገኘ ምስጥም ብስባሽም በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ነው፤ ነገር ግን የተፈጥሮ ደናችን ስለተመናመነ አዲስ ተቆርጦ የመጣ ጥድ ከመጠየቅ ይልቅ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጣውላ ብትፈልጉ የተሻለ ነው፤ ደርቆ የከረመም ስለሆነ አይጣመምም። ዋንዛ መልኩ ያማረ ነው፣ በጣሪያ ሥር እስከሆነና ቫርኒሹ እስከታደሰ ድረስም ይቆያል። ዝግባን ለውጪ ሥራ አልመክርም፤ እርጥበት ቶሎ ያበሰብሰዋል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን በአንድ በጋ ተሰነጣጥቆና ተጣሞ ብሎኑን ያላቅቃል።

የቀርከሃ ወንበር ማየት ለወደደ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ወንበሩን ገልብጣችሁ የውስጥ መገጣጠሚያውን ተመልከቱ፣ አንድ ሁለቴም ወለሉ ላይ አንኳኩት። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ካሉትና ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከረገፈ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ቫርኒሽ ቢቀባበትም ከውስጥ መበላቱ አይቆምም። ነቀዙን የሚስበው በቀርከሃው ውስጥ ያለው ስታርች ስለሆነ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሕድ ተነክሮ የደረቀ መሆኑን ሠሪውን ጠይቁ። ለመጋረጃውም ይኸው ይሠራል።

ለመግዛት ስላሰቡት የውጪ ሶፋ፦ ቀድመው የሚበላሹት ጨርቁና ስፖንጁ ናቸው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እናንተ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁና ከባሕር ወለል አጠገብ ላለ ከተማ የተሠራ ጨርቅ እዚህ ቶሎ ይነጣል፣ ፕላስቲኩም ቶሎ ይሰባበራል። ቀለሙ ከላይ የተነከረ ሳይሆን ከክሩ ጋር አብሮ የተሠራ አክሪሊክ ካገኛችሁ ውሰዱ፤ ካልሆነም ወፍራም ሸራ ዚፕ አስደርጋችሁ አሰፉ፣ ሲቆሽሽ ወልቆ ይታጠባል። የቤት ስፖንጅ ውሃ ይመጥጣል፣ ከመጠጠም በክረምት አይደርቅም፤ ስለዚህ ትራሶቹ አንድ ሰው በሁለት ዙር ወደ ቤት ሊያስገባቸው የሚችል መጠንና ብዛት ይኑራቸው። ትልቅና የማይነሣ ፍራሽ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠላት ይሆናል። የሸማና የጥበብ ሥራ ልብስ እጅግ ያምራል፤ ለቡናው ሰዓት አውጥታችሁ አንጥፉት፣ ሲያልቅ አስገቡት እንጂ ፀሐይ ላይ አታሳድሩት።

ምድጃው ከመጋረጃው መስመር ቢያንስ 1 ሜትር ወደ ውስጥ ይሁን፤ የደረቀ ቀርከሃ ከፍንጣሪ ጋር አይስማማም። ከሰሉ ግቢው ውስጥ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅ ወደ በረንዳው ይምጣ። ሥሩ ሰፋ ያለ የብረት ዝርግ ይኑረው፤ ሴራሚክ ድንገት በአንድ ቦታ ሲግል ይሰነጠቃል። ልጆቹ የሚሮጡበት መተላለፊያ በቡናው ቦታና በደረጃው መካከል ስለሆነ፣ በመሐል ከፍ ያለ የአበባ ዕቃ ማስቀመጡ ጌጥም አጥርም ይሆናል።

መብራት ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው፤ ከኮርኒሱ መሐል አንድ ኃይለኛ ነጭ አምፖል ይንጠለጠልና በረንዳው ሱቅ ይመስላል፣ ትንኙም ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። 6,500 ኬልቪን የሚል ነጭ አምፖል አውጥታችሁ ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን የሆነ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው ኤልኢዲ አድርጉ፤ ከኮርኒሱም ይልቅ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በ1 ሜትር ከ70 ከፍታ ሁለት የግድግዳ መብራት ይተከል። በጣሪያ ሥር ላለው አይፒ 44 የሚል ይበቃል (አይፒ መብራቱ ውሃና አቧራ የመከላከል ደረጃው ነው)፤ ዝናብ ፊት ለፊት ለሚመታው የደረጃ መብራት ግን አይፒ 65 ይሁን። ሶኬቱ ክዳን ያለው ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያውም ምድር መስመሩን እንዲያረጋግጥና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን ወዲያው የሚያቋርጥ 30 ሚሊአምፔር የሆነ መቁረጫ (አርሲዲ) እንዲያስገባ ጠይቁት። ልጆቹ የቤት ሥራ የሚሠሩት እዚያ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ባለ ባትሪ መብራት ጨምሩላቸው።

አበባን የምወድ ብሆንም ጀሪካን የሚደረድር ቤት ብዙ ውሃ የሚፈልግ ተክል እንዲያበዛ አልመክርም። ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ጠርዝ ላይ ጌራኒየም፣ እሬትና የሥጋ መጥበሻ ይችሉታል፤ በጥቂት ውሃም ያድራሉ። ጤና አዳም በአንድ ዕቃ ከቡናው ቦታ አጠገብ ይተከል፤ ስኒው ውስጥ የሚገባው ከእጅ ሳይርቅ ይቀጠፋል። ፈርንና ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነ የጥላ ተክል ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር እንጂ ጠርዙ ላይ አይቆይም። የአበባ ዕቃው ስፋትና ጥልቀት ከ30 ሳንቲሜትር አይነስ፤ ትናንሽ ዕቃዎች በበጋ በየቀኑ ውሃ ይጠይቃሉ። የሸክላ ዕቃ ያምራል፣ ግን ከፕላስቲኩ ቶሎ ይደርቃል። ባዶ የቀለም ባልዲም ከሥሩ ቀዳዳ ከተበሳለትና ከተቀባ አያሳፍርም። ኦሊያንደር የተባለውን፣ በየመንገዱ ዳር የሚያብበውን ቁጥቋጦ ግን ልጆች ባሉበት በረንዳ አጠገብ አትትከሉ፤ ቅጠሉም አበባውም መርዝ ነው።

በደቡቡ ጫፍ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላ ስለምትጠልቅ ከዚያ ጫፍ በሰያፍ ትገባለች። እዚያ ላይ ሽቦ ወጥራችሁ ፓሽን ፍሩት ብታሳድጉበት ጥላም ፍሬም ይሰጣችኋል፤ ቡጋንቪላም ይሆናል፣ እሾሁ ግን ወደ መተላለፊያው እንዳይወጣ እየተከረከመ መያዝ አለበት። ከዚህ ሐረግ በስተውስጥ የሚቀረውን 1 ሜትር ተኩል ለማስቀመጫ ስጡት። ጀሪካኑና የከሰሉ ከረጢት ከቤቱ የሚጠፉ ነገሮች አይደሉም፤ ቦታ ካልተሰጣቸው በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው ከአዲሱ አግዳሚ ሥር ይገኛሉ። ስለዚህ ባለ ሁለት በር ዝቅተኛ ቁም ሣጥን በላሜራ ወይም በጣውላ አሠርታችሁ፣ በአንዱ በኩል ጀሪካኖቹን፣ በሌላው ከሰሉን አስገቡ፤ ከላዩ ጫማና ጃንጥላ ይቀመጥበት። የተሰበሩትን ወንበሮች ግን ጠግኑ ወይም ስጧቸው፤ ለእነሱ ቦታ አላቀድኩም።

ቀለምና ጌጥ ላይ አጭር ልሁን። የሳሎኑን ውጪ ግድግዳ ነጭ አትቀቡት፤ የከሰዓት ብርሃን ከነጭ ግድግዳ ተንጸባርቆ ዓይን ያደክማል። ቡላ ወይም የሸክላ አፈር መልክ ያለው ቀለም ይረጋል፤ ጣሪያው ግን ነጣ ያለ ይሁን። በአዲስ አበባ ቀደምት ቤቶች፣ የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ባረፈባቸው፣ ዙሪያቸውን የሚዞረው የእንጨት በረንዳ ጌጡ በራሱ በምሰሶውና በርብራቡ ላይ ነው የተሠራው፤ በላዩ የተንጠለጠለ ነገር እምብዛም አያዩም። እናንተም ቀርከሃውና ጣውላው በደንብ ከተሠሩ ግድግዳው ላይ ከአንድ ሰፌድ ወይም ከአንድ ሥዕል በላይ አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ጥር ምሽቱ ስለሚቀዘቅዝ በአንድ ቅርጫት ሁለት ሦስት ጋቢ አስቀምጡ፤ ከጋዝ ማሞቂያ ይልቅ እሱ ይበልጣል።

የሥራውን ቅደም ተከተል በተመለከተ፣ ገንዘቡ ውስን ከሆነ ወለሉንና መጋረጃውን አስቀድሙ፤ ሌላው ሁሉ ዘግይቶ ቢመጣ አይጎዳም። የወለል ማስተካከያውና አሸንዳው ከግንቦት በፊት ይለቅ፤ ሴራሚክ የሚያያይዘው ሲሚንቶ በእርጥበት ወራት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ክረምት ላይ አታስነኩት። ብየዳውና የጣውላው ሥራ በክረምት በወርክሾፕ ሊሠራ ይችላል፤ ቫርኒሹ ግን መስከረም ካለፈ በኋላ አየሩ ሲደርቅ ይቀባ። ጨርቁን በመጨረሻ ግዙ፤ ያን ጊዜ አግዳሚው ተሠርቶ ስለሚያልቅ ልኩን ከሥዕል ሳይሆን ከራሱ ከአግዳሚው ላይ ትወስዳላችሁ። መጋረጃውን ከመስቀላችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን 10 ሰዓት ላይ፣ አንድ ቀን 11 ሰዓት ላይ የእናትዎን ወንበር በታሰበለት ቦታ አስቀምጣችሁ ከጣሪያው ጠርዝ አንሶላ አንጠልጥሉና ጥላው የት እንደሚያርፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የፊት ለፊታችሁ ቤት ወይም የአጥራችሁ ከፍታ እኔ ካሰላሁት የተለየ ጥላ የሚያመጣ ከሆነ፣ የመጋረጃውን ርዝመት በዚያ ምልክት መሠረት ለቀርከሃ ሠሪው ትሰጡታላችሁ።